ኪኒኑን የጣልኩ ጊዜ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ፣ ወንድሞችና እህቶች። ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ተነስቻለሁ። ምላሴ አሁንም ትንሽ ይያዛል፤ ቶሎ ቶሎ መናገር አልችልምና ታገሡኝ። ደስ ቢላችሁም አታጨብጭቡ። ጸሎት ቤታችን እንደታሸገ ነው፣ የዚህ ቤት ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው። በልባችሁ እልል በሉ። ስሙ ይባረክ!

ሽፈራው እባላለሁ። በዲክሲስ በኩል ባለ የመንግሥት እርሻ ኮምባይነር እነዳ ነበር። ቁጣዬን የሚያውቅ ሁሉ ይሸሸኝ ነበር። ጠዋት አረቄ ሳልቀምስ ሞተር አላስነሳም ነበር። ባለቤቴን ዲንቂቱን በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ "አንቺ!" ነበር የምላት። ጴንጤ የሚባል ሰው ካጋጠመኝማ ሳላሾፍበት አላልፍም ነበር።

ያኔ ማጅራቴን ይይዘኛል፣ ጆሮዬ ይጮሃል። "ድካም ነው" እያልኩ አልፈዋለሁ። አንድ ቀን ስንዴ እያጨድኩ፣ መሪውን እንደያዝኩ አፍንጫዬ ይደማ ጀመር። ቢይዙት ቢይዙት አልቆም አለ። በእርሻው ላንድሮቨር ጭነው አሰላ ሆስፒታል አደረሱኝ።

እዚያ አበበች የምትባል ሲስተር የደም ግፊቴን ለካች። መለኪያውን ፈታችና በሌላው ክንዴ ደገመች። ወጥታም ሐኪሙን ይዛ መጣች። ሐኪሙም "አቶ ሽፈራው፣ በዚህ ግፊት እስካሁን መቆምዎ ይገርማል። አሁኑኑ ይተኛሉ፤ መድኃኒቱንም ዕድሜ ልክዎን ይወስዳሉ" አለኝ።

አስራ አንድ ቀን ተኛሁ። መጀመሪያ ቀን ሲስተር ኪኒን ስታመጣልኝ "እኔ በሴት አልታዘዝም!" ብዬ ከነውሃው ወረወርኩት። ጋወኗ ራሰ። ዝቅ ብላ ወለሉን ጠረገች፣ ሄዳም ሌላ ኪኒን ይዛ ተመለሰች።

"ጋሼ፣ ነገም ቢወረውሩት ነገም አመጣለሁ" አለችኝ።

ሳቄ መጣ፤ ኪኒኑን ዋጥኩት።

ከሆስፒታል ልወጣ ስል "ሲስተር፣ እንዲያ ስሰድብሽ እንዴት ቻልሽኝ?" ብዬ ጠየቅኳት። ዞር ዞር ብላ አየች። በመሥሪያ ቤት ስለ ጌታ መናገር ምን እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እኔንም የታገሠኝ ጌታ አለ" አለችኝ። ይህች ቃል አብራኝ ወደ ቤቴ ሄደች። በቀጠሮዬ በመጣሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ትነግረኛለች፣ እኔም እጠይቃታለሁ። በሦስተኛው ቀጠሮ ከካርድ ክፍሉ ጀርባ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጌታን ተቀበልኩ፤ ኋላም በውሃ ተጠመቅኩ። ክብር ለእርሱ ይሁን! አረቄው ቀረ። ከቤቴ ጩኸት ቀረ።

ግን ወገኖቼ፣ ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሞኝነት አልደብቃችሁም። ማጅራቴን መያዙ ቀረ፣ ጆሮዬም መጮሁን ተወ። "ጌታ ፈውሶኛል፣ የዳነ ሰው ኪኒን ምን ያደርግለታል?" ብዬ ከነፖስታው ሽንት ቤት ጨመርኩት። እንዲህ አድርግ ብሎ ማንም አልመከረኝም። ቀጠሮዬንም ተውኩ። እምነት መሰለኝ። እውነቱን ልናገር? በየቀኑ መዋጡም ሰልችቶኝ ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ሸሚዜን ስቆልፍ ጣቴ ቁልፉን አልይዝ አለ። ዲንቂቱ "ማል ታቴ? ምን ሆንክ?" አለችኝ። ልመልስላት ብል ቃል አልወጣም። አፌ ተጣሟል፣ ቀኝ እጄና እግሬ አይታዘዙኝም። ጎረቤት ተጠርቶ ተሸክመው እዚያው ሆስፒታል ወሰዱኝ።

አልጋ ላይ ሆኜ "ጌታ ትቶኛል" አልኩ በልቤ። ሲስተር አበበች ግን አልተወችኝም። ጎኔ እንዳይቆስል በየሰዓቱ ታገላብጠኛለች። ትን እንዳይለኝ ቀና አድርጋ አጥሚት በማንኪያ ታጎርሰኛለች። በሁለተኛው ቀን አጠገቤ ቁጭ አለችና "ጋሼ፣ ኪኒኑን አቁመዋል?" አለችኝ። ዓይኔን ጨፈን አደረግኩ፣ አዎ ለማለት።

"ጌታ ነው አቁም ያለዎት?"

ራሴን ወዘወዝኩ። እንባዬ መጣ፤ የእሷም መጣ።

"ይህን ኪኒን ጸልዬበት ነው የምሰጥዎት" አለችኝ። "ግፊት ሳያሳምም ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ደህና የሆኑት እየዋጡት ስለነበረ ነው። ጌታ በየት በኩል እንደሚረዳዎት ለምን እርስዎ ይመርጡለታል?"

ወንድሞች፣ ያን ቀን ኪኒን ስውጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኩ። በውሃ ጥምቀት ያልተሰበረው ትዕቢቴ በዚያች በአንዲት ጉንጭ ውሃ ተሰበረ። ሃሌ ሉያ!

ከዚያ ንግግር ታለማምደኝ ጀመር። "የሚወዱትን ሰው ስም ይሞክሩ" ትለኛለች። ስንት ቀን ሞክሬ ድምፅ ብቻ ይወጣል። አንድ ቀን በጥየቃ ሰዓት ዲንቂቱ ምግብ ይዛልኝ መጥታ ሳህኑን ስትከፍት "ዲን... ቂ... ቱ" አልኩ። "አቤት!" አለች ሳታስበው። ከዚያ ማን እንደጠራት ገባት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ "በስንት ዓመቱ ጠራኸኝ!" እያለች አለቀሰች። ዛሬ እሷም በጌታ ናት፤ ያቻትላችሁ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

ዲንቂቱ ማንበብ ስለማትችል ሲስተር በጠዋቱ የኪኒን ፖስታ ላይ ፀሐይ፣ በማታው ላይ ጨረቃ ሳለችላት። ከወጤ ላይ ጨው እንድትቀንስም አስተማረቻት። መድኃኒቱ ከከተማው የጠፋ ጊዜ ከእናንተ አንዱ ናዝሬት ድረስ ወርዶ አመጣልኝ። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። ጌታ ይባርከው! ሲስተር አበበች አሁን ወደ ጢቾ ተዛውራለች። በየዕለቱ በጸሎቴ አነሳታለሁ።

ኮምባይነር ከእንግዲህ አልነዳም፤ የእርሻው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ተቀምጬ እሠራለሁ። ቀኝ እግሬ ይጎተታል። ግን በሕይወት አለሁ፣ ሚስቴን በስሟ እጠራለሁ፣ ይኸው ፊታችሁ ቆሜ እናገራለሁ። ባለፈው ቀጠሮዬ ሐኪሙ ግፊቴን አይቶ "ጥሩ ወርዷል፤ ምን እያደረጉ ነው?" አለኝ። "እየዋጥኩም እየጸለይኩም ነው" አልኩት። ሳቀ።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ባለፈው ሳምንት ከመካከላችን አንዲት እናት ኪኒኗን እንዳቆመች በጆሮዬ ነግራኛለች። ብቻዋን እንዳልሆነች አውቃለሁ። እናቴ፣ አይፍሩ፣ አይሸማቀቁ። ኪኒን ያቆማችሁ ሁሉ አትፍሩ። ጌታን እመኑት፤ በሆስፒታሉ ውስጥም ያው እርሱ ጌታ ነው። ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ። እርምጃዬ ቀርፋፋ ስለሆነ ቀደም ብዬ እወጣለሁ፣ በሆስፒታሉ በር ላይም እጠብቃችኋለሁ። አብረን እንገባለን።