የሰማንያኛው ቀን መንገድ

ጀርመን አገር የምትኖረው ልጄ ስትወልድ፣ አራስ ልጠብቅ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ተነሥቼ ሄድኩ። ሁሉንም አስቤ፣ ሁሉንም ቋጥሬ ነው የሄድኩት። አየር ማረፊያው ላይ ጓንት ያደረገ ሰው የቅቤዬን ክዳን ከፍቶ አሸተተና ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። በልቤ ረገምኩት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውም እንደዚያው ነው። ማታ ሳስብ ያደርኩት ሁሉ ጠዋት ይፈርስብኛል። ገብስ ልቆላ ስል ጣሪያው ላይ የተሰካው ነገር ጢሱ ሲነካው ጮኾ የሕንጻው ሰው በሙሉ ወደ ደጅ ወጣ። ሕፃኗን በጀርባዬ ባዝላት የምትጎበኛት ነርስ መጥታ አወረደችብኝ። አማቼም ሁሉን ነገር ስልኩን ሳይጠይቅ አያደርግም። እኔ ሰባት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።

አንዱን ግን አላስፈርስም ብዬ ነበር። ሕፃኗ ሴት ናትና በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ነበር። ወገዳ ከተማ አጠገብ ስንኖር፣ ክርስትና ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተ። ሳይጠመቅ በመሞቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቀበርነው። የባለቤቴ እህት ለቅሶ ላይ ተቀምጣ፣ «ሁለት ቀን መታገሥ አቃተው? እናቱን መስሎ ነዋ፣ ችኩል!» አለች። እሷ ዘንግታው ይሆናል። እኔ አልዘነጋሁትም።

ስለዚህ ቀኑን ስቆጥር ከረምኩ። ለቤታቸው የሚቀርበው የእኛ ቤተ ክርስቲያን በባቡር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ካህኑም ከሌላ ከተማ እየመጡ በወር አንድ እሑድ ብቻ ይቀድሱበታል። ያ እሑድ ደግሞ ልክ በሰማንያኛው ቀን ላይ ዋለልን። የክርስትና እናቷ እዚያው ከተማ የምትኖር የልጄ ጓደኛ ናት። የባቡር ቲኬቱም አስቀድሞ ተቆርጧል። የቀረ ነገር አልነበረም።

ከልጄ ቤት ሥር አንዲት ጎረቤት ነበረች። የሆስፒታል ጽዳት ትሠራለች። በመጣሁ ሰሞን ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ «እማማ፣ እኔም እኮ ያገርዎ ልጅ ነኝ፣ የጋይንት፤ አባቴ አርብ ገበያ ከተማ አቡጀዴ ጨርቅ ይሸጡ ነበር» ስትለኝ ደስ አለኝ። ሙስሊም መሆኗን ስሰማ ግን ልቤን ሰበሰብኩ። በሳምንቱ ለአራሷ ብላ ዶሮ ሠርታ በድስት ይዛ መጣች። በእኛ አገር ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን አይቀምስም። እሷም ታውቀዋለች፤ ባሕር ማዶ ሲኖሩ የሚቀር ነገር መስሏት ነው። ክዳኑን እንኳ ሳላነሣ መለስኩላት። ልጄ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

ጎረቤቷ ግን በማግስቱ ሌላ ድስት ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ የዛሬው ምስር ነው። ምስር አይታረድም።»

ሳልወድ ሳቅሁ። ምስሩን በላን። አመሰግናለሁ ግን አላልኳትም።

እሑድ ደረሰ። ልጄ ነጭ ለብሳለች፣ ሕፃኗም ተጠቅልላለች። አማቼ ስልኩን እያየ ቆሞ ቀረ።

«እናቴ፣ ባቡር የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ሠራተኞቹ ሥራ አቁመዋል። እስከ ነገ አይንቀሳቀስም።»

«አውቶቡሱስ?»

«እሱም ያው ነው።»

መኪና የላቸውም። ታክሲ ደወለ፤ የሚመጣ አላገኘም። ልጄ ሕፃኗን እንዳቀፈች ማልቀስ ጀመረች። የሚቀጥለው ቅዳሴ ከወር በኋላ ነው። እኔ የማስበው ግን ወሩን አልነበረም። የማስበው ሁለት ቀን የቀረውን ልጄን ነበር።

ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጸሎቴ ትእዛዝ ነበር። ይህን በዚህ ቀን አድርግ፣ ያን ደግሞ እንዲህ አድርግ እያልኩ አምላኬን እንደ ሎሌ አዝዘው ነበር። ያን ዕለት የማዝዘው አጣሁ። «ያንተው ናት፤ አንተ እንዳልክ ይሁን» አልኩ። ደግሜ ልለው ስል ፈራሁ፤ እንዳይወስዳት። ፈርቼም ቢሆን ደገምኩት።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቷ ናት፤ የመኪና ቁልፍ በእጇ ይዛለች።

«ባቡሩ ቆሟል አሉ። ምን ያስቀምጣችኋል? ቄሱ እኛን ሊጠብቁ ነው እንዴ?»

«ሥራ ትገቢ የለም እንዴ?» አልኳት።

«ቀን ተለዋወጥኩ። ይነሡ እንጂ እማማ፣ ቅዳሴ ሊገባ ነው!»

ልጄና አማቼ ሕፃኗን ይዘው ከኋላ ገቡ፤ እኔ ከፊት ከጎኗ ተቀመጥኩ። ከከተማው ከወጣን በኋላ፣ «ዶሮውን ስመልስብሽ ከፋሽ?» አልኳት።

«ከፋኝ እንጂ! ሦስት ቀን ሙሉ ዶሮ ብቻ በላሁ።» ሳቀች። «ደግሞ እናቴ ብትሆን የእናንተን ድስት ከደጅ ነው የምትመልሰው። ማንም ማንን አይወቅስም።»

ስንደርስ ካህኑ የማጥመቂያው ውኃ ላይ ጸሎት ጀምረው ነበር። ሕፃኗ ውኃው ሲነካት ጮኸች። እኔ እንደዚያ ያለ ጩኸት ከወንዱ ልጄ ልሰማ ነበር፣ አልሰማሁም። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ጎረቤቷ ብርዱ ላይ መኪናዋን ተደግፋ ቆማለች። ከቀረበው ዳቦ ቆርሼ ያዝኩላት።

«ጾም ላይ ነኝ እማማ። ማታ ሳፈጥር እበላዋለሁ» ብላ በመሐረብ ጠቀለለችው።

ረመዳን መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ነድታለች። የተለዋወጠችው ቀንም የዒድ ፈቃዷ እንደነበረ ልጄ የነገረችኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ዒድን ሆስፒታል ወለል ስትጠርግ ዋለች። ለእኔ ግን አንድም ቀን አላነሣችውም። በሕይወቴ ብዙ ደግ ነን ባይ አይቻለሁ፤ ደግነቱን ደብቆ የሚሠራ ግን ያየሁት እሷን ነው።

አገሬ ስመለስ አማቼ የክርስትናው ዕለት ያነሣው ፎቶ በስልክ ቀድሞኝ ደርሷል። የማኅበራችን ሴቶች፣ ከጥምቀት የወጣችን ልጅ ለእስላም አሳቀፈቻት ብለው አሙኝ። አንዷም ፊት ለፊት ጠየቀችኝ። እውነት ነው አልኳት። ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ጎረቤቷ «ልያት?» ብላ ሁለት እጇን ስትዘረጋ የሰጠኋት እኔው ነኝ። እሷም በነጠላዬ ጫፍ ከነፋሱ ጋረደቻት። ሕፃኗ አላለቀሰችም። መልሼ የተቀበልኳት እቅፏ ውስጥ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ነው።