ለፎቶ ያመቻቸሁት ሰርግ

የእህቴ ሰርግ ቀን ፎቶው ያለ ወከባ እንዲነሳ ያሰናዳሁት እኔ ነበርኩ። ማንም አላዘዘኝም። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ሰርግ አይቻለሁ፤ አብዛኛው የሚበላሸው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ሙሽራዋ ፀጉር ቤት ትዘገያለች፣ ሚዜዎቹ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ቪዲዮ ቀራጩ መብራቱን የሽማግሌዎች ዓይን ላይ ይደግናል፣ የቤተሰቡ ፎቶም ሰው እየተጎተተ በቀትር ፀሐይ ይነሳል። አልበሙ ሲመጣ ሁሉም ግንባሩን ቋጥሯል።

በልቤ የያዝኩት ግን አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ እህቴ ከቤት ስትወጣ የአባታችንን ጉልበት ስትስም። እናታችን ሞታለች። አባታችን አቃቂ ውስጥ ዕድሜውን ከጨረሰበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ዝሏል፤ አፉም ወደ አንድ ወገን ተጎትቷል። ሐኪሙ ዳግመኛ ከመታው እንደማይተርፍ ለእኔ ለብቻዬ ነግሮኛል። ከሁለታችን ጋር የተነሳው ፎቶ አልነበረም። ልጆች ሳለን ካሜራ ያለው ዘመድ በመጣ ቁጥር እሱ ወይ ፈረቃ ላይ ነው፣ ወይ ከፈረቃ መጥቶ ተኝቷል።

ስለዚህ ቀኑን በእሱ አቅም ልክ ሰፋሁት። የቤተሰቡ ፎቶ ጠዋት፣ ሚዜዎቹ ሳይመጡ፣ ጥላው ግቢያችንን ሳይለቅ። የጉልበቱ ስሞሽ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ አጠገብ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ አባቴ ክንዱን በሚያሳርፍበት ወንበር ላይ። የመናፈሻው ፎቶ ፀሐይ ስትበርድ። አባቴ በግርግሩ እንዳይደክምም በኋላ ክፍል አረፍ ብሎ ይቆይና ሁሉ ነገር ሲሰናዳ ይጠራል። ይህን ሐሳቤን በተለይ እወደው ነበር። እህቴም ወደደችው።

"እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?" አለችኝ፣ አንገቴን አቅፋ።

ፎቶ አንሺው የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነበር። ጎርፍ፣ የመጋዘን ቃጠሎ፣ ማለቂያ የሌለው ስብሰባ አብረን ዘግበናል። እኔ ጥያቄ ስጨርስ እሱ ማንሳቱን እንደጨረሰ ሳላይ አውቅ ነበር። ከሰርጉ በፊት ባለው አርብ ምሳ ስንበላ ዕቅዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ሽሮውን በእንጀራ እየጠቀሰ "ገብቶኛል" አለ። "የአባባን ፎቶ አደራ" አልኩት። "ብይ እንጂ፣ ቀዘቀዘ" አለኝ።

በሰርጉ ቀን እህቴ እዚሁ ቤታችን ልትሰናዳ ተስማምተን ሳለ በጠዋት ሳሪስ ፀጉር ቤት ሄደች። ስትመለስ ረፍዷል፤ የጠዋቱ ፎቶ ቀረ። አልተደናገጥኩም። ዕቅድ የሚወጣው አንዱ ሲቀር ሌላው እንዲተርፍ ነው፤ ዋናው ፎቶ ደግሞ ገና ነበር።

የሚዜዎቹ መኪኖች ከሩቅ ሲሰሙ እህቴ ክንዴን ያዘች። "እትዬ፣ በሩ ጋ አንቺ ሁኚልኝ። ያላንቺ ይረጋገጣሉ።" ወጣሁ። የሰፈሩ ልጃገረዶች በሩን ይዘው መዝፈን ጀምረዋል።

"ሽቶ ሳትረጩ አትገቡም!"

አንደኛው ሚዜ ኪሱን ደባብሶ ብልቃጥ አወጣና ረጨባቸው።

"ኧረ ይሄ ሽቶ ነው የበረንዳ ማጽጃ?" አለች የጎረቤታችን ልጅ፣ አፍንጫዋን ይዛ።

"ለናንተ ይሄም በዝቷል!"

"እንግዲያው እዚያው እደሩ! ሙሽራውንም አብራችሁ አሳድሩ!"

ሙሽራው በያዘው አበባ ከፀሐይ ተከልሎ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። ይህን ካሜራ ሊያመልጠው አይገባም ብዬ ዘወር ስል ግን ፎቶ አንሺው የለም። በሩ ሲከፈት ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ገባ፤ እኔ ከኋላ ቀረሁ።

ሰው ገፍቼ ሳሎን ስደርስ ለአባቴ ባሰናዳሁት ወንበር ላይ አጎቴ ተቀምጧል። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሽበቱ እንኳ ያማረበት። ሚስቱ አጠገቡ አለች። እህቴና ሙሽራው ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ይስማሉ። ብርሃኑ ልክ እንዳሰብኩት በጎን ይገባል። ባልደረባዬ በርከክ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ያነሳል። ማንም ማንንም አልጎተተም። እንደዚያ የተረጋጋ የሰርግ ፎቶ ሲነሳ አይቼ አላውቅም።

ያ ፎቶ ዛሬም እህቴ ሳሎን ተሰቅሏል። የማያውቅ እንግዳ "አባትሽ ሲያምሩ!" ይላታል። አታርምም።

ያኔ ከአጎቴ ጉልበት ቀና ስትል "አባባስ?" አልኳት በጆሮዋ።

"እትዬ፣ በእመቤቴ፣ አሁን አትጀምሪ።"

"ሄጄ ላምጣው?"

"አልበሙን የባሌ ቤተሰቦች ሁሉ ያዩታል። የአባባን አፍ እያየሽው... ደግሞ ይረፍ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?"

ነኝ። ቃሉ የእኔ ነው። አባቴ እንዲያርፍበት ያበጀሁትን ክፍል መደበቂያ አደረጉት፤ ለአንድም ሰው ማስረዳት እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ይዘዋት ወጡ። ፎቶ አንሺውን በረንዳው ላይ አገኘሁት።

"ታውቅ ነበር?"

"ነግራኛለች።"

"መቼ?"

"ሐሙስ።"

"አርብ ምሳ አብረን በላን።"

የካሜራውን ማንገቻ አስተካከለ። "ሰርጉ የሷ ነው። አንቺ ከሰማሽ ሰርጉን ትረብሺያለሽ አለችኝ። ምን ልበላት?"

የሚዋሸኝን ሰው ደግሜ እጠይቃለሁ እንጂ አልጮህበትም። እሱን ግን ደግሜ የምጠይቀው አልቀረኝም። "መኪናው እየጠበቀህ ነው" አልኩት። ሄደ። ከዚያ ወዲህም አብረን ሠርተናል፤ አብረን ምሳ በልተን ግን አናውቅም።

ወደ ኋላው ክፍል ስሄድ ለአባቴ የምለውን በልቤ አሰናዳሁ። አልተኛም ነበር። ሙሉ ልብሱን ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ኮቱን በአንድ እጁ ስለቆለፈው አንዱ ቁልፍ ቦታውን ስቷል።

"ሄደች?"

"ሄደች። ጊዜ አጥሮ ነው አባባ፤ መልስ ላይ እንነሳለን..."

"ተይ ልጄ።" ቃላቱ ባልተጎተተው የአፉ ወገን ቀስ ብለው ወጡ። "ትናንት መጥታ ነግራኛለች። እሺ ያልኳት እኔ ነኝ። ለእትዬ እንዳትነግራት፣ ትቆጣለች አለችኝ።"

እኔ የምኖረው ወሬ ጠይቄ ነው። በዚያ ቤት ወሬው ያልደረሰኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"እሺ ካልካት ለምን ለበስክ?"

የመኪኖቹ ክላክስ በዋናው መንገድ እየራቀ ሄደ።

"ምናልባት ሐሳቧን ብትቀይር ብዬ።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። መናፈሻ ሊወስደኝ የነበረው መኪናም አብሮ ሄዷል። ከድንኳኑ የሳህን ድምፅና ሳቅ ይሰማል።

"ኮቱን ላውልቅልህ? ይሞቅሃል።"

"ትንሽ ይቆይ" አለ። "የረሱት ነገር ካለ ይመለሱ ይሆናል።"

አብሬው ጠበቅሁ። የረሱት ነገር አልነበረም።