ድጋሚ ቀረጻ

ግሪካዊውን የፊልም ዳይሬክተር ሦስት ዓመት አስታምሜዋለሁ። አንቱ ማለቱን ከተውኩ ግን ቆየሁ። ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር፣ እኔ በምኖርበት ሕንጻ፣ ከእኔ ሦስት ፎቅ ከፍ ብሎ ነበር የሚኖረው። ጠዋት ጠዋት እሱን ማጠብና መድኃኒቱን መስጠት የእኔ ሥራ ነበር። ሳጥበው፣ “ማንም ሳያዘኝ ስድስት ፊልም ሠራሁ” ይለኛል። ያዘዘው እንደሌለ ሁሉ ያየለትም የለም። በወጣትነቱ የአገሩን ዓሣ አጥማጆች፣ እዚህ ከመጣ በኋላ ደግሞ የፋብሪካ ጽዳት ሠራተኞችን ቀርጿል። እውነተኛ ሰው ሞልቶ ተዋናይ ምን ያደርጋል ባይ ነው።

ለሰባተኛው ፊልሙ እኔን አገኘ። በእኛ ዘንድ መርዶ ማለዳ፣ ወዳጅ ጎረቤት ተሰብስቦ እንደሚነገር ሳጫውተው ዓይኑ በራ።

“እናትሽ ሞተች ብለው ይንገሩሽ፤ እኔ እቀርጻለሁ” አለኝ።

እናቴ ደብረ ብርሃን በሕይወት አለች፤ እሑድ ዕለት በስልክ መርቃኛለች። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እስከዚያ ድረስ ከቁም ነገር የቆጠረኝ ሰው ስላልነበረ ደስ አለኝ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ጎረቤቶቼን ለመንኩ። ጡረታ የወጡት ኤርትራዊ ጋሼ፣ “ልጄ፣ እናትሽ በሕይወት እያለች? ኧረ ይሄ ሟርት ነው!” ብለው ተቆጡ። አብረውኝ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ሁለት ሴቶችም አማተቡ። ለእኔ ሲሉ ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማለዳ ቤቴ መጡ። ጋሼ ተናገሩ። ትወና መሆኑ ጠፋኝ፤ ደረቴን እየመታሁ ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስኩ።

ዳይሬክተሩ፣ “ብርሃን አነሰው። አንድ ቀን እንደግመዋለን፤ ቀኑን አልነግርሽም፣ ሳትዘጋጂ ነው የምፈልግሽ” አለኝ።

ከአራት ወር በኋላ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። እነዚያው ሦስቱ ናቸው፤ ነጠላው እንደተዘቀዘቀ ነው። ሮጬ መጋረጃውን ገለጥኩ፤ ዳይሬክተሩ ብርሃን አነሰ ብሎ የለ! ያሳየኝ ቦታ ላይ ቆሜ ሳቄን አፈንኩ። ጋሼ ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ ተናገሩ።

“ዛሬስ አሳምረውታል ጋሼ! ድጋሚ እየቀረጽን አይደል? ካሜራው የት አለ?” አልኳቸው።

ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ። ጋሼ ጥብቅ አድርገው አቀፉኝ።

“ካሜራ የለም፣ ልጄ።”

አላለቀስኩም። ለቅሶ ሊደርስ ከመጣው ሰው “ምን ዓይነት ልበ ደረቅ ናት” ያለ አልጠፋም። እኔም ራሴን ጠላሁት፤ እንባ ግን አልመጣም።

ፊልሙ አልቆ ቡርንስቪል በምትባል በአቅራቢያችን ባለች ከተማ፣ አንድ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ታየ። እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ፤ ለቅሶዬ የለም። በማግስቱ እያጠብኩት ጠየቅኩት።

“የተጋነነ ስለመሰለኝ ቆረጥኩት” አለኝ።

“የተቆረጠውን ስጠኝ። ለእናቴ ያለቀስኩት እሱን ብቻ ነው።”

ኮምፒውተሩ ስለሞላበት አጥፍቶታል። ይህንኑ ነገረኝና፣ ውሃው ቀዝቅዟል ብሎ ተቆጣኝ።