አዴ ዘምዘም ያስቆጠሩኝ የአማልክት ዘር

ነጭ ጋዝ የጠገበ የእንጨት ወለል በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። ሮቤ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲያ ነበር የሚሸተው፤ ጠባቂዋም በአገራችን ደንብ፣ እናት ለሚያህሉ ሴቶች እንደምንለው፣ «አዴ» የምንላቸው ዘምዘም ነበሩ። አልወዳቸውም ነበር። አሁንም አልወዳቸውም፤ ሰው ሲያድግ ቂሙን ይተዋል ያለው ማን ነው?

አንድ ቀን አዲስ ልብ ወለድ መጣ፤ የሙታን አገር አምላክ ልጇን የጠለፈባት የግሪክ እናት የምትተርከው። ያቺ እናት አልታረቅም ብላ ምድሩን አደረቀችው ሲሉ ሰማሁ። እህቴ ጫልቱ ከሲናና ገበያ ስትመለስ ተጠልፋ፣ አባባ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው "የሆነው ሆኗል" ብለው ከጠላፊው ቤተሰብ ጋር ታርቀው ነበር። እናቴ አፍ አውጥታ ያላለችውን እንቢታ ላነበው ጓጓሁ።

አዴ ዘምዘም መጽሐፉን ቆለፉበት።

"መጀመሪያ ዘራቸውን ቁጠሪ። ማን የማን እንደሆነ ሳታውቂ ብታነቢው ገለባ ማኘክ ነው።"

"የጣዖት ዘር ምን ያደርግልኛል?"

"አስተግፊሩላህ! ተረት ነው እኮ። የራስሽን ዘር ትቆጥሪ የለ? እንደዚያው ነው።"

ክፉ ሴትዮ! በየዕረፍቱ በር ላይ ገትረው ያስቆጥሩኛል፤ ስሳሳት እንደ ዝንብ በእጃቸው እያባረሩ "ነገ!" ይላሉ። በልቤ ስንቴ ረገምኳቸው። እኛ ዘንድ ዘር በአባት ነው የሚቆጠረው፤ እኔም እንዲያው ሸመደድኩት። ዜውስ የክሮኖስ፣ ጠላፊው ሃዴስም የክሮኖስ።

"የተጠለፈችው ልጅስ አባቷ ማን ነው?"

"ዜውስ።"

"ታዲያ ጠላፊው ምኗ ነው?"

"አጎቷ" ስል አፌን መረረኝ። ዘር የምንቆጥረው እኮ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው።

"እናቷን ዴሜትርንስ ለምን ዘለልሻት? እሷም የክሮኖስ ልጅ ናት። የገዛ ወንድሟ ነው ልጇን የወሰደባት። አባትየውም አስቀድሞ ፈቅዶለታል።"

ይህን ብለው መጽሐፉን እጄ ላይ ወረወሩት። አላመሰገንኳቸውም።

ቤት ስደርስ አባባ ጆንያ ይሰፋሉ።

"አባባ፣ ጫልቱ እንደምትጠለፍ አስቀድመው ያውቁ ነበር?"

መርፌው ቆመ፤ ቀና ብለው ግን አላዩኝም። እናቴ ከጓዳ ወጣች።

"መልሱላት እንጂ" አለች፤ "እኔም ልስማው።"

አባባ ጆንያውን ከነመርፌው ጥለው ወደ ውጭ ወጡ።

አዴ ዘምዘም በኋላ ጡረታ ወጥተው ጎባ ገቡ አሉ፤ ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። ለቤታችን ትተውት የሄዱት ይኸው ነው፤ እናቴና አባባ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአንድ ትሪ በልተው አያውቁም።