የጉርዱ መስመሮች

ሰፈሩ «እትዬ ምላጭ» ይላታል። አሮጌ ልብስ በምላጭ ተርትራ አዲስ ታደርጋለች፤ ምላሷም ከምላጩ አይተናነስም። «እኔ የሰፋሁትን የሚተረትር ገና አልተወለደም» ማለት ትወዳለች። የሚከራከራትም የለም።

አንድ ቀን ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ፣ ሴት ልጁ ተማሪ ሳለች የለበሰችውን ጉርድ ይዞ መጣ። ልጅቷ ዛሬ ልትወልድ ደርሳለች፤ ጉርዱ ለሕፃኑ ማቀፊያ ይሁንልኝ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጨርቅ እኮ አልቆለታል! ይሄን ጫፉን ተመልከት!»

ጫፉ ላይ አራት የደበዘዙ መስመሮች ነበሩ። ልጅቷ ባደገች ቁጥር እጥፉ እየተፈታ ጉርዱ የረዘመበት ምልክት ነው። እትዬ ምላጭ ከንፈሯን መጠጠችና መስመሮቹን ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ለስላሳ ገበር አልብሳ፣ ማቀፊያውን እንደ አዲስ አድርጋ ሰፋችው።

ሰውየው ሊወስድ ሲመጣ ፊቱ በራ። ወዲያው ግን ማቀፊያውን ያገላብጥ፣ በጣቱ ይዳስስ ጀመር።

«መስመሮቹስ?»

«ደበቅኋቸዋ! ለአራስ ልጅ ያረጀ ነገር ላሳይ ኖሯል?»

«አይ፣ ግድ የለም። እጅሽ ይባረክ» አለ ቀስ ብሎ። «ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር እጥፉን የምትፈታው እናቷ ነበረች። አምስተኛውን ለመፍታት አልደረሰችም።»

እትዬ ምላጭ ማቀፊያውን ከእጁ መንጭቃ ወሰደችው።

«ቁጭ በል» አለችው።

መነጽሯን አደረገች፤ ምላጯን አነሳችና የገዛ ስፌቷን መተርተር ጀመረች።