የፋጡማ አስተርጓሚ

በደርግ ጊዜ ከሚሴ ከተማ የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ዳኛውም እኔም ከጎጃም የመጣን ነንና ኦሮምኛ አንሰማም። አንድ ቀን ከጨፋ የመጣች ፋጡማ የምትባል ሴት የተሰበረ ክንዷን በሻሽ አንጠልጥላ ገባች። አማርኛ አታውቅም። ዳኛው በር ላይ የቆመ ሰውዬ ጠርተው፣

«አንተ፣ ናና አስተርጉም» አሉት።

ፋጡማ እንዳየችው ጮኸች። ከዚያ እያለቀሰች ብዙ ተናገረች።

«ምን አለች?»

«ከበቅሎ ወደቅኩ ነው የምትለው።»

«ይህን ሁሉ ተናግራ?»

«ኦሮምኛ ረጅም ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ማንን ልትከስ መጣች?»

«በቅሎዋን።»

እኔም «ተከሳሽ፦ በቅሎ» ብዬ ጻፍኩ።

ዳኛው ግራ ገብቷቸው «ለመሆኑ ባል የላትም?» ሲሉ፣ «ባል» የምትለዋን ቃል ታውቃት ኖሯል፣ ፋጡማ ብድግ ብላ በደህና እጇ የአስተርጓሚያችንን ኮሌታ ጨምድዳ ያዘች።