የሾፌሩ አውራ ጣት

ግንቦት ዘጠኝ ነው የመጣችው፤ ይላል አራሚው ብቻውን ሲሆን፣ ድምፁን አውጥቶ። ወዲያው ደግሞ ይጠራጠራል። ግንቦት ዘጠኝ እሱ ይሠራበት የነበረው አሳታሚ ድርጅት የተዘጋበት ቀን ነው። ልጅቷ በሩን ያንኳኳችው ከዚያ በኋላ መሆን አለበት፤ ስታንኳኳ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፣ በደጉ ዘመን ደግሞ በዚያ ሰዓት እሱ ቤቱ አይገኝም። «ወይስ ሰኔ ገብቶ ነበር?» ይላል። ሃምሳን ከተሻገረ ወዲህ ቀኖቹ እንደ ረጠበ ጋዜጣ ተጣብቀውበታል፤ አንዱን ልግለጥ ሲል ሌላው አብሮ ይነሳል።

ልጅቷ ግን ጥርት ብላ ትታየዋለች። ከማዶ ክፍል የምትኖረው የሾፌሩ ልጅ ነች፤ ስልኳን እንደ ሙሉ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጋሼ፣ መጽሐፍ አራሚ ነዎት ሲሉ ሰማሁ።»

«ነበርኩ።»

«አሁንስ ምን ነዎት?»

«ግቢ» አላት።

እስከዚያ ድረስ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ ስትተይብ ነበር የኖረችው። ሰው ሁሉ በየስልኩ መተየብ ሲለምድ ጽሕፈት ቤቱ ዳቦ መሸጫ ሆነ። እሷም ዕድሜዬን ለሰው ከተየብኩ እስቲ ደግሞ ለራሴ ልሞክር ብላ የፍቅር ልብ ወለድ ጀመረች። አሳታሚ የለ፣ ወረቀት የለ፤ መጽሐፉን ራስሽ አንድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ ትጭኛለሽ፣ አንባቢ ለድረ ገጹ በየወሩ ይከፍላል፣ ድረ ገጹ ደግሞ በተነበበልሽ ገጽ ልክ ይከፍልሻል። ይህን ስታስረዳው አራሚው ሳቅ አለ።

«በተነበበ ገጽ? በእኛ ጊዜ እንኳን ለተነበበው ለታተመውም የሚከፍል አልነበረም።»

«ይሳቁ ግድ የለም» አለች። «እኔ ግን ሌላ ምርጫ የለኝም። አጎቴ እሱ ጋ ሄጄ ሱቁን እንድይዝለት ይፈልጋል። እሱ ያለበት ከተማ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፣ መኝታዬም እዚያው ከመጋዘኑ ጀርባ ነው። አባዬን ለምኜ አንድ ዓመት አስጠብቄዋለሁ። ቤታችንን በዚህ ካስተዳደርኩ እቀራለሁ። ካልሆነ ሚስማር ስመዝን አረጃለሁ።»

አራሚው መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ተቀበላት። ታሪኩ የአንዲት ነርስና የአንድ የመርከብ ካፒቴን ነበር። ልጅቷ ባሕር አይታ አታውቅም። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ካፒቴኑ መርከቡን በሦስተኛ ማርሽ አስነሳ ይላል።»

«አባዬ ነው የነገረኝ።»

«መርከብ ማርሽ አለው እንዴ?»

«አባዬ ዳገት ላይ ያለ ማርሽ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም ይላል።»

«ባሕር ላይ ምን ዳገት አለ?»

«ማዕበሉስ?» አለችው፤ እሱም ማርሹን ሳያወጣ አለፈው። ብዙ ደራሲ አርሟል፤ ለአንድ ማርሽ እንዲህ የተሟገተለት ግን ትዝ አይለውም።

እንዲህ ተጀመረ። ሽፋኑንም ራሷ ሠራችው። ባሕሩ የግቢው ልብስ ሰፊ ያዋሳት ሰማያዊ ገበር ነው፤ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው እያርገበገቡላት በስልኳ አነሳችው። ነርሷ ከጀርባዋ የተነሳችው የልብስ ሰፊው ሚስት ነች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶቹ ቧንቧው ዙሪያ ልብስ ሲያጥቡ የጻፈችውን ታነብላቸዋለች፤ ካፒቴኑ ነርሷን ክንዷን ያዝ አድርጎ አፉን ሊከፍት ሲል ስልኳን ኪሷ ከታ «ይቀጥላል» ትላለች።

«ምን ሊላት ነው?» ይላል ልብስ ሰፊው መርፌውን በጥርሱ ይዞ።

«ይቀጥላል አልኩ እኮ።»

«እኔ በልብ ድካም ስሞት አንቺ ቀብሬ ላይ ይቀጥላል በይ።»

ከዚያ ወዲህ ግቢው በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ይቀጥላል መጣች፣ ይቀጥላል ወጣች ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀናት። ማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ የት እንዳለ የማይታወቅ ሰው ካፒቴኑን እያነበበ ገጹ እየተቆጠረላት ለቤት ኪራይ የሚሆን ነገር መምጣት ጀመረ። ሾፌሩ መንገድ ያገኙትን ሁሉ እያቆሙ «ልጄ የምትጽፈው ባሕር ማዶ ይነበባል» ይሉ ነበር። በዚህ ላይ ድረ ገጹ ዝም ያለ ደራሲ አይወድም፤ ትንሽ ከዘገየሽ አዲስ መጽሐፍ በላይሽ ላይ ይከመርና ትቀበሪያለሽ። ስለዚህ ሁለተኛውን ጻፈች፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። በአራተኛው ላይ ካፒቴኑ ሞቶ መንትያ ወንድሙ መጣ። አራሚው ሲያርም ዓረፍተ ነገሮቹ እንደ ደከመ ሰው እግር ሲጎተቱ ያይ ነበር፤ አልነገራትም፣ ብትሰማም የምታርፍበት ጊዜ አልነበራትም። አንባቢው ግን ነጠፈ። ያልተነበበ መጽሐፍ ላይ ሌላ ያልተነበበ መጽሐፍ ስትደርብ ዓመቱ እየተጋመሰ ሄደ።

አባትና ልጅ የሚኖሩበትን ክፍል ለሁለት የሚከፍለው መጋረጃ ነው። በመጋረጃ ደግሞ ትንፋሽ አይደበቅም። ሾፌሩ ልጃቸው ስልኳን እያየች ስትቆዝም ሰሙና አንድ ቀን ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄዱ፤ በግቢው ዋይፋይ ያለው እሱ ብቻ ነው። አራሚው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፂሙን እየተላጨ ስለነበር ሁሉንም ሰምቷል።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ገጹ መነበቡን በምን ያውቃል?»

«ሲገለጥ ነዋ አባባ። አንድ በገለጡ ቁጥር አንድ ይቆጥራል።»

«ገላጩ ማን እንደሆነ ያያል?»

«ስልክ ምን ዓይን አለው።»

ሾፌሩ አውራ ጣታቸውን አነሱና አዩት። «ዕድሜዬን ሙሉ መሪ አዙሬ ወረቀት መግለጥ ያቅተኛል እንዴ?»

አላቃታቸውም። ለአዲስ አንባቢ የመጀመሪያው ወር በነፃ ስለነበር ፀጉር አስተካካዩ የእሳቸውን ስልክ ከፈተላቸው፤ ቀጥሎ የልብስ ሰፊውን፣ ከዚያ የሚስቱን፣ ከዚያ የግቢውን በር የሚጠብቁትን ሽማግሌ። ሁሉም ከአንዱ ዋይፋይ ተሰካ። ልብስ ሰፊው በእግሩ ፔዳል ሲረግጥ በግራ እጁ ይገልጣል። ሚስቱ ሽንኩርት ሲቁላላ ታማስላለች፣ ትገልጣለች። በር ጠባቂው ሲያንቀላፉ ጣታቸው አያቆምም ነበር ይባላል። ከሁሉም የበረቱት ግን ሾፌሩ ናቸው። ጠዋት ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ፣ ጥላው ሲዞር እሳቸውም ይዞራሉ፣ አውራ ጣታቸው ግን መስመሩን አይለቅም።

«ዛሬ የት ደረሱ?» ይላቸዋል አራሚው ሲያልፍ።

«ሟቹን ካፒቴን ሁለቴ ቀብሬዋለሁ ወንድሜ።»

«አነበቡት ወይስ ገለጡት?»

«እሱን ለእናንተ ለተማራችሁት ትቼዋለሁ።»

ለልጅቷ ዕድሏ ተመለሰላት። ገጹ መቆጠር ጀመረ። ፊቷ ፈካ፤ የኪራዩ ወሬ ጠፋ፤ ጀርባዋን የሚደግፍላት ያገለገለ ወንበር ሳይቀር ገዛች። አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ራሷ ተሸክማ ስትመጣ አራሚው በመስኮቱ አያት። በሩ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። አባቷ ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። አውራ ጣታቸው ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ ዓይናቸው ግን ጎረቤት ጣሪያ ላይ ወደተሰጣው ልብስ ነው፣ ያለ እሱ ፊደል የማያዩበት መነጽርም በሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ልጅቷ ወንበሩን እንደተሸከመች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ወንበሩን አስቀመጠችና «አባዬ፣ ሻይ ላፍላልህ?» አለች።

ብዙም ሳይቆይ መልእክቱ መጣ። አራሚው ክፍል ገብታ በሩን ዘግታ አነበበችለት። በመጽሐፎችዎ ላይ የታየው ንባብ የእውነተኛ አንባቢ ሆኖ አላገኘነውም፤ ስለዚህ መጽሐፎችዎ ተነሥተዋል፣ ያልተከፈለዎት ክፍያ ቀርቷል፣ ውሳኔው የመጨረሻ ነው ይላል። አራሚው ያለውን ትምህርት ሁሉ አሰባስቦ አቤቱታ ጻፈላት፤ ጎረቤቶቿ ክፉ አስበው እንዳልሆነ፣ ፍቅር መሆኑን፣ አባቷ ጡረተኛ መሆናቸውን። መልሱ የመጣው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሳታስቀምጥ ነው። ያው ቃል፣ ያው ነጥብ። ወዲያ ማዶ ያነበበ ሰው አልነበረም።

«እውነተኛ አንባቢ አይደሉም ተባሉ» አለች። «ልብስ ሰፊው ቢሰማ ጃኬቱን አውልቆ ይጣላል።» ልትስቅ ሞከረች፣ ግማሽ ላይ ተወችው።

«በሌላ ስም ብትጀምሪስ?»

«መታወቂያዬንም ፊቴንም ይዘውታል ጋሼ። እኔ እዚያ ሞቻለሁ። እንደ ካፒቴኑ መንትያ የለኝም።»

«አባትሽን ምን ልትያቸው ነው?»

«አንባቢ ጠፋ እላለሁ። አንባቢ ጠፋ ቢባል ማንን ይገርመዋል?» ከዚያ ክንዱን ያዘችው። «በእሱ ጣት እንደሆነ እንዳይሰማ። ይማሉልኝ።»

ማለላት።

ለአጎቷ ስልክ ደወለች። ግቢው ሰማ፤ ሴቶቹ አለቀሱ፤ ፀጉር አስተካካዩ የሆነው ነገር ስለገባው ሱቁን ዘግቶ ዋለ። ሾፌሩ ብቻ ነገሩን በቀና ያዙት። መሄዷ ከፍቷቸዋል፤ መጽሐፉ ግን የትም ተሁኖ ይጻፋል ብለው ያምናሉ።

«እዚያ ሆነሽ ጻፊ» አሉ፣ ዋዜማውን ቧንቧው አጠገብ ቆመው። «እኔ ከዚህ እገልጥልሻለሁ።»

አራሚው እጁን እየታጠበ ነበር። ውሃውን ሳይዘጋ ቆመ።

«እሺ አባዬ» አለች ልጅቷ። «ስልክህን አምጣው።» ተቀብላቸው የመጽሐፎቹን ፋይል አንድ በአንድ ከራሷ ስልክ ወደ እሳቸው ላከችው። ከምንም ጋር ያልተገናኘ፣ ለማንም የማይቆጥር ፋይል። «ይኸው ሁሉም አለ። ሳትቸኩል ግለጥ።»

«መቸኮልማ ለሾፌር ነውር ነው» አሉ።

አራሚው ክፍሉ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያን ከሰዓት በኋላ አሰበው፤ ወንበሩን፣ ኪስ ውስጥ ያለውን መነጽር፣ ሻይ ላፍላልህ ያለችበትን ድምፅ። ጽሕፈት ቤት ያደገች፣ የውል ቃል ስትተይብ የኖረች ልጅ ነች። ያን ቀን አውቃ ነበር? አውቃ ከሆነ ለምን አላስቆመቻቸውም? ኪራዩን ብላ ነው፣ ወይስ አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ እንዳገኘ ሰው ጥላ እየተከተሉ ሲውሉ አይታ ልቧ አልችል ብሎ? መልሱ የሚመልሰው ነገር የለም። እሱ ግን ሳያውቀው መቅረት አልፈለገም።

ጠዋት ሻንጣዋን ተሸክሞላት እስከ በሩ ሄደ። ከባድ ነበር፤ ወንበሩን አልወሰደችም። ሾፌሩ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ግንባሯን ስመዋት ቀርተዋል፤ ለመሸኘት ጉልበቴ እምቢ አለኝ ብለው ነው፣ አውራ ጣታቸው ግን ጀምሯል። ሚኒባሱ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ረዳቱ ሻንጣውን ከአራሚው እጅ ነጥቆ ጣሪያው ላይ ወረወረው።

«ጋሼ፣ ማርሹን ስላላወጡት አመሰግናለሁ» አለችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ያን ቀን፣ ወንበሩን ይዘሽ የመጣሽ ቀን—»

«ግቢ እንጂ እህቴ፣ መንገድ ዘጋን» አለ ረዳቱ። ልጅቷ ወደ ውስጥ እየገባች ዞር አለች፤ የሰማችው እንደሆነ ከፊቷ መለየት አልቻለም። በሩ ተንሸራቶ ተዘጋ፣ ሚኒባሱም ሄደ።